የትኛው 5ጂ?
በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



የዝግጅት ኮሚቴው «ስለ 5ጂ አንድ ነገር በለን፤ ግን ሰው እንዳታስተኛ» ብሎኛል። ከምሳ በኋላ መናገር ለደረሰው ሰው ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። አዳራሹን ስመለከት የኤሌክትሪካል ልጆች ብቻ አይደሉም ያሉት። ሲቪሉም አለ፣ ሐኪሙም አለ፣ አካውንቲንጉም፣ ግብርናውም አለ። ስለዚህ ቀመር አላመጣሁም። የሙያ ጓደኞቼ ነገሩን ሳቀልለው ከሰማችሁኝ ዝም ብላችሁ እለፉኝ፤ በሻይ ሰዓት ትጨቃጨቁኛላችሁ።

አንድ ሰው ቴሌኮም ውስጥ እንደሚሠራ ከታወቀ ለቅሶ ቤትም ይሁን ሰርግ ቤት ከጥያቄ አያመልጥም። ድሮ ጥያቄው «ጥሩ ቀፎ የቱ ነው?» ነበር። አሁን አሁን ግን «ይሄ 5ጂ የምትሉት ነገር ለእኛ አገር ምን ያደርጋል?» ሆኗል። እኔም ሁልጊዜ «የትኛው 5ጂ?» ብዬ እመልሳለሁ። ብዙ ሰው ማምለጫ ይመስለዋል። አይደለም። ኔትወርኩ ገና ወረቀት ላይ ሳለ ለአንድ ሥራ አልታቀደም፤ ለሦስት ነው የታቀደው። ሦስቱ ደግሞ የሚፈልጉት ነገር የተለያየ ብቻ ሳይሆን እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 የአምስተኛውን ትውልድ ራዕይ የያዘ ሰነድ ሲያወጣ ሦስት የአገልግሎት ዓይነቶችን አስቀመጠ። የመጀመሪያው የተሻሻለ የሞባይል ብሮድባንድ ነው፤ ማለትም ፍጥነትና ብዛት ያለው ዳታ። ሁለተኛው እጅግ አስተማማኝ የሆነና መዘግየቱ በጣም ያነሰ ግንኙነት ነው። ሦስተኛው እጅግ ብዙ የሆኑ ማሽኖች በአንድ ጊዜ የሚገናኙበት አገልግሎት ነው።

አንድ መንገድ አስቡ። በመንገዱ ላይ ሦስት ዓይነት ተጓዥ አለ። አንዱ ጭነቱን እስከ አፉ የሞላ አይሱዙ ነው፤ ትልቅ ጭነት ማድረስ ነው ሥራው፣ አምስት ደቂቃ ቢዘገይ ማንም አይሞትም። ሁለተኛው አምቡላንስ ነው፤ የጫነው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ግን መዘግየት አይችልም፣ መቅረትም አይችልም። ሦስተኛው በገበያ ቀን በእግሩ የሚጎርፈው ሕዝብ ነው፤ እያንዳንዱ የያዘው አንድ ቋጠሮ ነው፣ አይቸኩልም፣ ብዛቱ ግን መንገዱን ያስጨንቃል። ለአይሱዙው የምትሠራው መንገድ ለእግረኛው አይመችም፤ ለአምቡላንሱ መስመር ባዶ ካስቀመጥክ አይሱዙው ይጉላላል። 5ጂ እነዚህን ሦስቱን በአንድ መንገድ ላይ አስማምቶ ለማሳለፍ የተደረገ ሙከራ ነው።

ስለ መጀመሪያው ብዙ አልናገርም፤ ማስታወቂያው በቂ ተናግሮለታል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 5ጂን በቅድመ ገበያ ሙከራ ሲያስጀምር ብዙዎቻችን ወዲያው ያደረግነው ፍጥነት መለካት ነው። ቁጥሩ ያስደስታል። የኅብረቱ መስፈርት እስከ 20 ጊጋቢት በሰከንድ የሚደርስ ጣሪያ አስቀምጧል። ይህ ግን አንድ ጣቢያ ባለው አቅም ሁሉ የሚደርስበት ጫፍ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ይካፈለዋል። ለተራው ተጠቃሚ የታሰበው 100 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ እሱም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። ፍጥነቱን የሚያመጣው ደግሞ በዋናነት ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚገኘው ሰፊ ቦታ ነው። በ3.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሞገዱ ርዝመት ዘጠኝ ሴንቲሜትር አይሞላም። እንዲህ ያለ ሞገድ ወፍራም ግድግዳ ሲያጋጥመው ይደክማል፣ ሩቅም አይሄድም። ስለዚህ ማማ ማብዛት ይጠይቃል፤ ማማ ሲበዛ ፋይበር ይበዛል፣ የመብራት ፍጆታም ይበዛል። ከአሜሪካ የመጣችሁ አንዳንዶቻችሁ ቤታችሁ ያስቀመጣችሁት የ5ጂ ራውተር የዚህ አገልግሎት ልጅ ነው፤ ኬብል ሳይቆፈር ለቤት ኢንተርኔት መስጠት ማለት ነው። ፋይበር ላልገባባቸው ኮንዶሚኒየሞቻችንም ይህ መንገድ ጥሩ ይመስለኛል። ከዚያ ውጪ ግን፣ ኪስ ውስጥ ያለው ቀፎ 5ጂ የማይቀበል ከሆነ ማማው ላይ ያለው ፍጥነት ለባለቤቱ ምንም አይደለም፤ የቀፎው ዋጋ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነው።

አምቡላንሱ ጋ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ወሬ የሚወራበት እሱ ነው።

መስፈርቱ እንዲህ ይላል፦ 32 ባይት የምታህል ትንሽ መልእክት በራዲዮው በኩል በአንድ ሚሊሰከንድ ውስጥ መድረስ አለባት፤ ከ100,000 መልእክት ቢበዛ አንዷ ብቻ ናት መቅረት የምትችለው። 32 ባይት ማለት አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር እንኳ አይሆንም። ግን «ማሽኑን አቁም» ለማለት ይበቃል። ይህን ለማድረግ 5ጂ የጊዜ ክፍሉን ቆራርጦ አሳጠረው። በ4ጂ አንድ መደበኛ የመላኪያ ጊዜ አንድ ሚሊሰከንድ ነበር፤ በ5ጂ ግማሽ ሚሊሰከንድ፣ ሲያስፈልግ ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ ይሆናል። አስቸኳይ መልእክት ከመጣ ጣቢያው ለሌላ ሰው እየላከ ያለውን ቪዲዮ መሃል ላይ አቋርጦ አስቸኳዩን ያስቀድማል። አይሱዙው ዳር ይዞ ይቆማል፣ አምቡላንሱ ያልፋል። እንዳይቀርም አንዱን መልእክት በተለያየ መንገድ ደጋግሞ ይልካል፤ ይህ ሁሉ ለሌላው የሚሆን ፍሪኩዌንሲ ይበላል።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? ለፋብሪካ ሮቦት፣ ለወደብ ክሬን፣ ለከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር መከላከያ። «ሐኪሙ አውሮፓ ተቀምጦ አዲስ አበባ ላይ ቀዶ ጥገና ያደርጋል» የሚለውን ግን፣ ሐኪም ጓደኞቼ፣ እባካችሁ በጥርጣሬ ስሙት። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። ከዚህ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱ 10,000 ይሆናል። ስለዚህ ማንም ምንም ቢያደርግ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች አይወርድም፤ ፋይበሩ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ እኛ ወደብ ስለሌለን መጀመሪያ ጎረቤት አገር አቋርጦ ባሕር ጋ መድረስ አለበት። አንድ ሚሊሰከንድ የሚባለው ተስፋ የሚሠራው መረጃውን የሚያስተናግደው ሰርቨር እዚሁ፣ ከማማው ብዙ ሳይርቅ ሲቀመጥ ነው። የአገር ውስጥ ዳታ ማዕከል ይገንባ ሲባል የኩራት ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ከኩራቱ በፊት የርቀት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ እኛ ኑሮ ልመልሳችሁ። ባንክ ሄዳችሁ ወረፋ ጠብቃችሁ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ የማታውቁ እጃችሁን አውጡ። አየህ፣ አንድም እጅ የለም። ይህ ቃል በአማርኛችን ውስጥ እንደ «ዝናብ መጣ» ሆኗል፤ ጥፋተኛ የለውም። እኔ የምለው፣ አገራችን ከሁለተኛው አገልግሎት የሚያስፈልጋት ሚሊሰከንዱ ሳይሆን «እጅግ አስተማማኝ» የምትለዋ ግማሽ ናት። እሷ ደግሞ ከራዲዮው ብቻ አትመጣም። ከ100,000 አንድ የሚለው ሒሳብ የሚቆጠረው ራዲዮው ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ የጀነሬተሩ ናፍጣ ሲያልቅ፣ መንገድ የሚቆፍረው ኤክስካቫተር ፋይበሩን ሲበጥሰው ያ ሒሳብ አይጠየቅም። ሲቪሎች ለምን ትስቃላችሁ? እናንተን ማለቴ አይደለም። ሁለት መንገድ ያለው ፋይበር፣ ጥሩ ባትሪ፣ የቧንቧና የፋይበር ካርታ ይዞ የሚቆፍር ተቋራጭ፤ እነዚህ ሦስቱ «ሲስተም የለም»ን ለመቀነስ ከማንኛውም አዲስ አንቴና ይበልጣሉ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ገንዘባችን ስልካችን ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚጠፋው ወሬ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የታክሲ ሒሳብም፣ የመድኃኒት ሒሳብም አብሮ ይጠፋል።

ሦስተኛው፣ የገበያ ቀን ሕዝብ ያልኩት፣ ማስታወቂያ የማይሠራለት ነው። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ለእሱ ነው ብል ይሻላል።

መስፈርቱ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 1,000,000 መሣሪያ ይላል። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር አንድ ማለት ነው። መርካቶም በእንዲህ ያለ ሒሳብ አትጣበብም። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ፤ ዋናው ሐሳብ መሣሪያዎቹ ትንሽ ይናገራሉ፣ አልፎ አልፎ ይናገራሉ፣ ብዙውን ጊዜ ይተኛሉ የሚለው ነው።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ብዙዎቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መቀመጥ አለባቸው። ገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ ማቀዝቀዣው ላይ ቴርሞሜትር አለ፤ ባለሙያዋ በቀን ሁለት ጊዜ አይታ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሞቆ፣ ጠዋት ተመልሶ ቢቀዘቅዝስ? ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ክትባቱ ግን ሊበላሽ ይችላል፤ ሕፃኑ ይከተባል፣ እናቲቱም «ልጄ ተከትቧል» ብላ ትሄዳለች። አሁን በየሰዓቱ ሙቀቱን የምትልክ ትንሽ መሣሪያ እናስቀምጥ። እያንዳንዱ መልእክት 50 ባይት ይሁን። ዓመቱን ሙሉ በየሰዓቱ ስትናገር ድምሩ 438 ኪሎባይት ነው። እዚህ ስትነሡት የዋላችሁት አንድ ፎቶ ሦስት ሜጋባይት ቢሆን፣ በእሱ ቦታ ስድስት ማቀዝቀዣዎች ዓመቱን ሙሉ ተናግረው ቦታ ይተርፋል። አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት የሚያየው ፊልም አንድ ጊጋባይት ቢወስድ ደግሞ ከ2,000 በላይ ማቀዝቀዣዎች ዓመቱን ሙሉ በዚያው ይናገራሉ።

ታዲያ ይህ ፍጥነት ይፈልጋል? አይፈልግም። መልእክቱ አስር ሰከንድ ቢዘገይ ማንም አያውቅም። የሚፈልገው ሌላ ነው፦ ዋጋው የረከሰ መሣሪያ፣ ለዓመታት የሚቆይ ባትሪ፣ ራቅ ያለ ቦታ የሚደርስ ሽፋን። ለዚሁ ሥራ የተበጀ ናሮውባንድ አይኦቲ የሚባል ቴክኖሎጂ አለ። ከ4ጂ ላይ 180 ኪሎኸርዝ የምትሆን ቀጭን ቁራጭ ብቻ ነው የሚወስደው። ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ከማዶ ሲጣራ አንዴ ጠርቶ አይተውም፤ እስኪሰማ ድረስ ያንኑ ስም ደጋግሞ ይጣራል። ይህም እንደዚያ ነው። ቀስ ብሎ፣ ያንኑ መልእክት ደጋግሞ ይልካል፤ በዚህም ከተለመደው የ2ጂ ሽፋን በ20 ዴሲቤል ያህል ይሻላል። ምልክቱ መቶ እጥፍ ቢደክም እንኳ ይሰማል ማለት ነው። ባትሪው ደግሞ ለአስር ዓመት ያህል እንዲቆይ ታስቦ ነው የተነደፈው፤ ምክንያቱም መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜውን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው።

ልብ በሉ፣ ይህን ለመጀመር 5ጂ መጠበቅ የለብንም። ናሮውባንድ አይኦቲ የ4ጂ ቤተሰብ ነው፤ የደረጃ አውጪዎቹም የአምስተኛው ትውልድ ሦስተኛ አገልግሎት አካል አድርገው ተቀብለውታል። «5ጂ ያስፈልገናል ወይ?» ለሚለው «የትኛው?» የምለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ክፍል በጣም ውድ የሆነው ክፍል አይደለም።

ሌላ ምሳሌ፣ ለኤሌክትሪካሎች። እኔ የምኖርበት ሰፈር ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ለቀናት በሻማ አምሽተናል። ትራንስፎርመር አብዛኛውን ጊዜ ድንገት አይሞትም። ከአቅሙ በላይ ተጭኖ፣ ዘይቱ እየሞቀ፣ ለሳምንታት እየጮኸ ነው የሚሞተው። የሚሰማው ግን የለም። የዘይቱን ሙቀትና የጭነቱን መጠን በየሩብ ሰዓቱ የምትልክ መሣሪያ ቢኖር ጭነቱን ወደ ሌላ መስመር ለማዛወር ጊዜ ይገኛል። እዚህ ላይ ባትሪውም ቀላል ነው፤ ትራንስፎርመሩ ራሱ መብራት ስላለው ባትሪ የሚያስፈልገው «ጠፋሁ» የምትለዋን የመጨረሻ መልእክት ለመላክ ብቻ ነው። እንዲሁ የአዋሽን ከፍታ ከላይ ለክቶ ታች ላሉት አርብቶ አደሮች ጎርፍ ሳይደርስ መንገር፣ የቧንቧ ግፊት ሲወርድ የት እንደፈሰሰ ማወቅ፣ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ካርድ ይዞ መሰለፍን ማስቀረት፣ ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው።

«ታዲያ ሦስቱንም በአንድ ኔትወርክ ለምን አናደርግም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይቻላል፤ ኔትወርክ ስላይሲንግ የሚባለው ለዚህ የመጣ ነው። አንዱን ኔትወርክ በሶፍትዌር ሸንሽኖ ለሆስፒታሉ አንድ መስመር፣ ለቆጣሪዎቹ አንድ፣ ለተቀረው ሕዝብ አንድ መስጠት። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ብዙ አገሮች 5ጂን የጀመሩት የ5ጂን አንቴና በ4ጂ ኮር ኔትወርክ ላይ በመደረብ ነው። ይህ ፍጥነት ይሰጣል፤ ሽንሸናውንና ሁለተኛውን አገልግሎት በሙሉ አቅማቸው ለማግኘት ግን ራሱን የቻለ የ5ጂ ኮር ያስፈልጋል። ስለዚህ በሥራችሁ ምክንያት ከኦፕሬተር ጋር ለመዋዋል የምትቀመጡ ኃላፊዎች፣ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ «5ጂ አላችሁ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ኮሩ የምን ነው? ምን ያህል መዘግየት በውል ትፈርማላችሁ? ባይሞላስ ምን ትከፍላላችሁ?» በሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ካስጀመረ ወዲህ ገበያው አንድ ሻጭ ብቻ ያለበት አይደለም፤ ገዢ መጠየቅ ይችላል።

የሚቀጥለው ትውልድ ደግሞ እየመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኅብረቱ ባወጣው የስድስተኛው ትውልድ ማዕቀፍ ሦስቱ አገልግሎቶች ስድስት ሆነዋል። ከአዲሶቹ አንዱ «በሁሉም ቦታ የሚደርስ ግንኙነት» የሚል ነው፤ ሽፋን ላልደረሰው ሰው ማድረስ ራሱን የቻለ አገልግሎት ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ሳነብ «አሁን ገና ገባቸው» ብያለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው፣ ገንዘብ አይደለም፤ እሱን ገንዘብ ያዡ ይጠይቃችኋል። የዲፓርትመንታችን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ይፈልጋሉ። ከኢንተርኔት አውርደው በጃፓን ፋብሪካ ውስጥ ስላለ ሮቦት ይጽፋሉ፤ ሮቦቱንም ፋብሪካውንም አይተውት አያውቁም። እኛ ደግሞ በየመሥሪያ ቤታችን እውነተኛ ችግር ይዘን ተቀምጠናል። በር ላይ ወረቀት አስቀምጫለሁ። በመሥሪያ ቤታችሁ አንድ ሰው በሞተር ሳይክል ወይም በእግሩ እየዞረ የሚያነበው፣ የሚለካው፣ የሚያየው ነገር ካለ ጻፉልን፦ ስንት ቦታ ላይ ነው፣ በቀን ስንት ጊዜ መታወቅ አለበት፣ ቢበዛ ምን ያህል ቢዘገይ ጉዳት የለውም፣ ቦታው ላይ መብራት አለ ወይስ የለም። ከእነዚህ አራት መልሶች ተማሪው የትኛው አገልግሎት እንደሚያስፈልግ ራሱ ያወጣዋል። ስልክ ቁጥራችሁን ጻፉ፤ ልጆቹ ሲደውሉም አንሡላቸው።